ሶስት መቶ ሃምሳ ሲሞላ

እሱም እያጭበረበረ ነበር! እሱም! እሷ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ስንት ስትቃጠል፣ ለካ እሱም እዛ ላይ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጎ፣ ሌቨሩን ቀስ እያለ ይለቀው ነበር። ወይኔ! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ትራሴን ነው የምነክሰው።

ኧረ ቆይ፣ ከጭራው ጀመርኩላችሁ። እሺ ልረጋጋ። ከራሱ ልነሳ።

ልጅቷን ቁንዶ ነው የሚሏት። እንደ ቁንዶ በርበሬ ደቃቃ ናት፣ ስትናገር ደግሞ ታቃጥላለች። ስሙን ያወጣላት የምትሰራበት ጋራዥ በያጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ ለሰው ሁሉ ስም የሚያወጣው እሱ ነው፣ ብየዳው ሲበርድለት ምላሱ ይግላል። አባቷ የከባድ ማሽን መካኒክ ነው፣ እሱን ደግሞ «ጋሽ ጆሮ» ብሎታል። እውነቱን ነው። ሰውዬው የካቻቪቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ አስደግፎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ብታዩት የሰው ልብ የሚያዳምጥ ሐኪም ነው የሚመስለው። «ይቺ አየር እየሳበች ነው» ይላል። ሲፈቷት እንዳለው ሆና ያገኟታል። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለዛ ጆሮ ብሎ ነው።

ቁንዶ ሃያ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ጨርሳ አባቷ ስር ገብታ ትሰራለች፣ የቱታዋ እጅጌ ሁለቴ ተጠቅልሎም ይረዝምባታል። እና ሕይወቷ ደህና ነበር እኮ! ዘይት፣ ብሎን፣ የበያጁ ቀልድ፣ ማታ እግሯን ዘርግታ መተኛት። በቃ፣ ምንም የጎደላት ነገር አልነበረም።

ከዛ ኤክስካቫተሩ መጣ።

ሰንሰለቱ ላይ ጭቃ ደርቆበት፣ መቆፈሪያ ክንዱን አጥፎ፣ እንደ ደከመው ግመል አንገቱን ደፍቶ እየተንቀረፈፈ ገባ። ከላዩ ኦፕሬተሩ ወረደ። ረጅም፣ ጠይም፣ ቀጥ ያለ። እግሩ ገና መሬት ሳይነካ በያጁ «ሎጋው መጣ!» ብሎ ስም አወጣለት። እና ልጁ ምን አደረገ መሰላችሁ? የጋቢናውን በር ከዘጋው በኋላ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። እንደ ሰው! የታመመ ጓደኛውን «አይዞህ» እንደሚል ሰው! ቁንዶ እዛው አለቀላት። እኔም ብሆን አልቆልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ደክሞብኛል» አለ። «ባዶውን ሲሆን እንደ ወፍ ነው። ሸክም ሲያይ ግን መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ያየኛል።»

«ታዲያ ይሄ ምን በሽታ ነው?» አለ በያጁ። «እኔም ሸክም ሳይ እንደዛ ነኝ።»

አባቷ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ፈተሸ። ማጣሪያ ቀየረ፣ ቱቦዎቹን አየ፣ ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተ። ይሄ ቀናት ወሰደ። በነዛ ቀናት ሎጋው ከማሽኑ አልራቀም፣ ኦፕሬተር ማሽኑን ጥሎ የት ይሄዳል? ያረጀ ጎማ ላይ ይቀመጥና ብርቱካን ይልጣል፣ ልጣጩን ሳይበጥስ፣ አንድ ረጅም ገመድ አድርጎ። አንዴ ቁንዶ የጋለ ቱቦ በባዶ እጇ ልትይዝ ስትል «ተይ፣ ይፈጅሻል!» ብሎ የራሱን ጓንት አውልቆ ሰጣት። ውስጡ የእጁ ሙቀት ነበረበት፣ እሺ? ጣቶቿ ውስጡ ጠፉ። ያን ቀን ጓንቱን ሳትመልስለት ወደ ቤት ሄደች። ረስታው አይደለም። ምን ትረሳለች!

ችግሩ ግን ሎጋው አያወራም። ጠዋት «እንደምን አደርሽ»፣ ማታ «ደህና እደሪ»፣ በመሃል ብርቱካን። ታዲያ ይውደዳት አይውደዳት በምን ትወቅ? ማሽኑ የተሻለው ቀን ደግሞ ከተራራው ጀርባ ነው የሚሄዱት፣ አዲስ መንገድ ወደሚቆረጥበት ገደል፣ ስልክ እንኳ ወደማይሰራበት። ማሽኑ ዳነ ማለት ሎጋው ሄደ ማለት ነው። መካኒክ ሆና ማሽን እንዳይድን የምትጸልይ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ቀላሉ ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ አባቷ «ሪሊፍ ቫልቩ ነው» አለ።

እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳችሁ። የማሽኑ ጉልበት ዘይት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋዋል፣ ዘይቱ ክንዱን ያነሳዋል። ግፊቱ ከልክ አልፎ ቱቦ እንዳያፈነዳ ሪሊፍ ቫልቭ የምትባል ትንሽ በር አለች። ልኩ ላይ ሲደርስ ትከፈትና ዘይቱን ወደ ታንከሩ ትመልሰዋለች። በሯ ቶሎ የምትከፈት ከሆነ ማሽኑ ጉልበት ያጣል፣ ዘግይታ ከተከፈተች ደግሞ አያድርስ ነው። የዚህ ማሽን ልክ ሶስት መቶ ሃምሳ ባር ነው፣ ግፊት በባር ነው የሚለካው። በሯን የምታጠብቅ አንዲት ብሎን አለች፣ ብሎኗ እንዳትነቃነቅ የምትይዛት ደግሞ ዳዶ አለች። በቃ ይሄው ነው።

አሁን ዋናው ነገር! ስራው ሶስት ሰው ይፈልጋል። አባቷ ማሽኑ ላይ ወጥቶ ቫልቩ ጋ በሆዱ ይተኛል፣ ጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ አያየውም። ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ ነው፣ እሱም ጌጁን አያየውም። ጌጁ ረጅም ቱቦ አለው፣ ሶስተኛው ሰው ይዞት ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይቆማል። እጁን ሲያነሳ ኦፕሬተሩ ሌቨሩን ጫፍ ድረስ ስቦ ይይዛል። ክንዱ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ይወጣል። ባለ ጌጁ መርፌው የቆመበትን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እጁን ያወርዳል፣ ኦፕሬተሩም ይለቃል። ከዛ አባቷ ብሎኗን ቅንጣት ታህል ያዞራል። እንደገና ከመጀመሪያው። ሞተሩ ስለሚጮህ ኦፕሬተሩ የሚታዘዘው ለእጅ ብቻ ነው፣ ዓይኑን ከባለ ጌጁ ላይ መንቀል አይችልም።

ባለ ጌጇ ማን ናት? ቁንዶ!

አስቡት እንግዲህ። ስንት ቀን ሙሉ ሰርቆ እንኳ አያት የማይባል ልጅ፣ በገዛ አባቷ ትዕዛዝ፣ ዓይኑን ተክሎ እንዲያያት ተፈረደበት።

ባኬቱን፣ የክንዱን ጫፍ መዛቂያ፣ መሬት አሳርፈው፣ ሞተሩን አጥፍተው ጌጁን ገጠሙ። ከዛ አስነስተው ዘይቱ እስኪሞቅ ጠበቁ። በቀዝቃዛ ዘይት የተለካ፣ እንዳልተለካ ነው ይላል አባቷ።

«ልጄ!» ብሎ ጮኸ ከላይ። «ዓይንሽ መርፌው ላይ! አንቺ የምትጠሪውን ነው የማዞረው!»

እጇን አነሳች። ሎጋው ሳበ። ማሽኑ አቃሰተ።

«ሁለት መቶ ዘጠና!»

አወረደች። አባቷ አዞረ። እጇን አነሳች።

«ሶስት መቶ አስር!»

ሎጋው በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። ግን እጇን ነው ወይስ እሷን? እጇ ከፊቷ ስንዝር እንኳ አይርቅም እኮ፣ የቱን እንደሚያይ በምን ይታወቃል? በሚቀጥለው እጇን ጆሮዋ አጠገብ ጠጋ አድርጋ አነሳች፣ እጄን ካየ ፊቴንም አብሮ ይይ ብላ። ኧረ አትሳቁባት!

«ሶስት መቶ ሰላሳ!»

ከዛ መርፌው ሶስት መቶ ሃምሳ ላይ መጥቶ ቀጥ አለ። አለቀ። አንዲት ቃል ብትናገር ዳዶው ይጠብቃል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሎጋው ወደ ገደሉ። አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን «ሶስት መቶ ሰባ!» ነው።

ምላሷ ናት እንጂ እሷ አይደለችም። እምላለሁ።

«አይ፣ በዛ» አለ አባቷ፣ ብሎኗን መልሶ አላላት። እንደገና ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ፣ መርፌው ሃምሳ ላይ ሲደርስ አሁንም «ሶስት መቶ ሰባ!» አንድ ነገር ግን ልብ በሉላት፣ አሳንሳ አትዋሽም። አሳንሳ ብትጠራ አባቷ ከልክ በላይ ያጠብቀውና ቱቦ ይፈነዳል። ያን ያህልስ አላበደችም።

ቀጥሎ ግን መርፌው ራሱ ይቀባጥር ጀመር። ይወጣ ይወጣና፣ እሷ እጇን ሳታወርድ፣ ሸርተት ብሎ ይወርዳል። ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ስልሳ። እሷ ደግሞ እጇን እንዳነሳች ቆማለች፣ እሱም እያያት። «ጸሎቴ ተሰማ» አለች በልቧ።

«ሞተር አጥፋ!» አለ አባቷ።

ካቻቪቴውን እንደያዘ ወረደና ሎጋው የሚቀመጥበት ጎማ ላይ ዘጭ አለ። በያጁ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ሁለቴ 'በቃ፣ ገጠመ' ብሎኛል ጆሮዬ። የቫልቩን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ? ቁጥሩ ግን ሌላ ነው።»

«ጌጁ ይሆናላ።»

«ጌጁ አዲስ ነው።» ጆሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «እርጅና ነው። ሄዷል ማለት ነው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?» አለ በያጁ ሊያስቀው። «የርሶ ዛሬ ነው ገና ባዳ የሆነው።»

አልሳቀም። «ልጄ፣ ለማሽኑ ባለቤት ደውይለት። ቫልቩን ሌላ መካኒክ መጥቶ ይፍታው። እኔ ከዚህ በኋላ በጆሮዬ አልፈርድም።»

እንግዲህ የፈለገችውን አገኘች አይደል? ሌላ መካኒክ እስኪመጣ፣ ቫልቩ እስኪፈታ፣ ሎጋው እዚሁ ነው። ብርቱካን እየላጠ! ግን የአባቷ ፊት! ካቻቪቴውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የማን እንደሆነ እንዳላወቀ ሰው ያየዋል። አንጀቷን በላት።

«አባዬ» አለች። «ጆሮህ ምንም አልሆነ። ዋሽቼህ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ሶስት መቶ ሃምሳ ሞልቶ ነበር። ሁለቴም። ሰባ ያልኩህ… ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለሽ?»

በያጁ እሷን አየ፣ ቀና ብሎ ሎጋውን አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ። «እህህ! እህህ!» ብሎ የውሸት ሳል ሳለ። ልትገድለው ደረሰች።

አባቷ ግን ገና አልጨረሰም። «መርፌው ሲወርድ የነበረውስ? ፓምፑ ሲላላ እኔም ሰምቻለሁ። እሱንም አንቺ ነሽ?»

«እሱን አላውቅም! አንተ ትሙት አባዬ፣ እሱን አላውቅም!»

ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ።

«እሱ እኔ ነኝ ጋሼ።»

ሎጋው! ከጋቢናው ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ እያሻሸ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ሌቨሩን ሳልጨርስ እየለቀቅኩ ነው። እጇን… ቁጥሩ ካልሞላ እጇን ቶሎ አታወርድም ብዬ።»

ወይኔኔኔ! በሉ ንገሩኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኔ «እወድሻለሁ» ከሚል ሰው ይሄን የሚል ሰው ይሻለኛል። ቁንዶ ውሃ ሆነች። መሬቱ ቢከፈት ትገባለች፣ ግን ደግሞ ባይከፈት ይሻላል፣ ከገባች እሱን አታየውማ!

አባቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። «እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዛ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ስፈታ ስቆልፍ፣ ይኸው ክርኔ ተልጧል።»

«ማሽኑማ ጤነኛ ነው ጋሼ!» በያጁ አላስቻለውም። «በሽተኞቹ ሁለቱ ናቸው፣ ለነሱ ደግሞ ማስተንፈሻ ቫልቭ የለንም!»

ጋሽ ጆሮ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን መለሰው። ጆሮው ድኖለታላ፣ ምን ይቆጣል! ሲነሳ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «ስሙኝ ሁለታችሁም። ልኩ የወረደ ማሽን ውሸታም ነው። ያነሳ ያስመስልና ሸክሙን መሃል ላይ ይተወዋል። ከስሩ ደግሞ የሰው ልጅ አለ። ጨዋታው እዚህ ጋ አበቃ። ተነሱ።»

ተነሱ። አባቷ ያላላትን ብሎን መልሶ አጠበቀ። እጇን አነሳች፣ ሎጋው ሳበ፣ ያዘ። «ሶስት መቶ ሃምሳ!» አባቷ ዳዶዋን አጠበቀ፣ ሲጠብቅ ልኩ ይዛነፋልና እንደገና አስያዛቸው። «ሶስት መቶ ሃምሳ!» በቃ። በዚህኛው ጊዜ ሎጋው የሚያየው እጇን እንዳልሆነ ታውቃለች። አወቀች፣ እና አለቀ። ይሄ ግፍ አይደለም?

አባቷ ቀይ ቀለም አመጣና ከብሎኗ ወደ ዳዶዋ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረ። ሰው ከነካካው መስመሩ ይሰበራል። ሌላ ቦታ ተፈትቶ ቢመጣ ወዲያው ያውቀዋል። «ይቺ ቀለም ቃሌ ናት» ይላል ሁሌ። ብሎኗን ያዞረባትን ትንሿን ቁልፍ ለቁንዶ አቀበላትና «ሳጥን ውስጥ ክተቻት» ብሎ እጁን ሊታጠብ ገባ።

ማሽኑን የሚጭነው ረጅም መኪና፣ ሎቤዱ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሎጋው ማሽኑን እየነዳ ወጣበት፣ በሰንሰለት አሰሩት። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ቁንዶ ምንም ስራ ሳይኖራት ማሽኑን ትዞራለች፣ ቁልፏ አሁንም ኪሷ ውስጥ ናት። በዛኛው በኩል ሎጋው ብቅ አለ። ያን ያህል ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?»

«ኪሴ ውስጥ ነው። ምነው?»

«ስጪኝ። ብሎኗን ላላላት፣ ግማሽ ዙር ብቻ፣ ወደኋላ። እዛ ደርሼ 'ደከመ' እላቸዋለሁ፣ ገና ሸክም ሳይሰጡት። በሳምንት ውስጥ መልሰው ይልኩታል። ይልኩናል።»

«እምቢ ካሉስ? ያለ እሱ ስራ ይቆማል ብለው እንደዛው ስራበት ቢሉህስ?»

«አይሉም።» ኮፍያውን አስተካከለ። «ሌላ መምጫ የለኝም እኮ። መንገዱ ሳያልቅ አይለቁኝም።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እሱን ማን ያውቃል?»

እጁን ዘረጋ። ያንን የጓንቱን እጅ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ቁንዶ ቁልፏን ኪሷ ውስጥ ጨበጠቻት። ብረቱ እስኪግል ጨበጠቻት። ብትሰጠው ይመጣል፣ እርግጥ ነው ይመጣል! በቀይ መስመሩ ውስጥ ግን አባቷ አለ፣ ከክንዱ ስር ደግሞ የማታውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ጋቢናው ውስጥ ራሱ ሎጋው አለ። ልትለው የምትችለው ስንት ነገር ነበር! «እንድትመጣ እፈልጋለሁ ግን እንደዚህ አይደለም» ማለት ትችል ነበር። «እጠብቅሃለሁ» ማለት ትችል ነበር፣ አንድ ቃል እኮ ናት! እሷ ግን ምን አለች መሰላችሁ?

«ቀለሙ ገና አልደረቀም።»

ቀለሙ! ገና! አልደረቀም!

ሎጋው ትንሽ ጠበቀ፣ ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎት። አልጨመረችም። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ፈገግ አለ፣ ግን ዓይኑ ጋ ያልደረሰ ፈገግታ ነው።

«እሺ» አለ። «እንግዲያው ይድረቅ።»

ሄዶ ከሾፌሩ ጎን ገባ። ሎቤዱ አቧራውን አስነስቶ ወጣ፣ የኤክስካቫተሩ ክንድ ከአጥሩ በላይ ትንሽ ታየ፣ ከዛ እሱም ጠፋ።

አሁን ስልኩን ስትሞክር ያቺ ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሳው፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ»ዋ። በሩ ሲንቋቋ ቀና ትላለች፣ ሌላ ማሽን ነው። ጌጁን ይዛ ትቆማለች፣ እጇን ታነሳለች፣ መርፌው ያለውን ትጠራለች። ሌሎቹ ኦፕሬተሮች የሚያዩት እጇን ነው። ድሮ ልዩነቱን አታውቅም ነበር፣ አሁን ታውቀዋለች፣ የከፋውም እሱ ነው። አባቷ ምንም አይላትም። በያጁ እንኳ ስለ ሎጋው መቀለድ ትቷል፣ በያጁ ሲተው ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። እሷን የሚያቃጥላት ግን ቁልፉን አለመስጠቷ እንኳ አይደለም። እሱ አልወደደችኝም ብሎ ሄዶ ቢሆንስ? እዛ ገደል ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ «ቀለሙ ገና አልደረቀም» የሚለውን እያገላበጠ እምቢ ማለቷ ነው ብሎ ቢሆንስ?

እኔ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አትጠይቁኝ። አንድ ቀን እሰጠው ነበር እላለሁ፣ በማግስቱ ኧረ በጭራሽ እላለሁ። እናንተስ? ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ እጁ ተዘርግቶ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ቢሆን ትሰጡት ነበር? ካልሰጣችሁትስ፣ ስለ ቀለም ከማውራት ሌላ ምን ትሉት ነበር?